ሦስት ጨረቃ

አባቴ ትልቅ ሰው ሲለካ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ከአክብሮት ብዛት ይመስለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ናት። አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት። ደንበኛው መስታወቱ ፊት ይቆማል፤ አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካና ቁጥሩን ይጠራል፤ እናቴ ደብተሯን ታቅፋ ትጽፋለች።

"ትከሻ አርባ ስድስት። እጅጌ ስልሳ ሁለት። ደረት መቶ አራት።"

ወገብ ላይ ሲደርስ፣ አንዳንድ ሰው ጋ፣ ድምፁ ይቆማል። ከዚያ "እህ!" ይላል። አንዳንዴም "እህ፣ እህ!" እናቴ ቀና ሳትል ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ነገር ጫር ታደርጋለች።

ፖስተኛውን ሲለካ እህ ብሎ አያውቅም። ዳኛውን ሲለካ ሁለቴ ይላል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ከወለሉ ቁልፍ እየለቀምኩ ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ እይዝ ነበር። ጭንቅላቴ ሌላ ነገር መያዝ አልሆነለትም።

ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት። የጣለኝ ታሪክ ነው። የታሪክ መምህራችን ሽማግሌ ነበሩ። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ቢጫ ደብተራቸውን ገልጠው ያስጽፋሉ። እኛ እንጽፋለን፤ ለፈተና እንሸመድዳለን። ስሙን ስይዝ ዓመቱ ያመልጠኛል፤ ዓመቱን ስይዝ ስሙ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ በቀጭን ውጤት አለፍኩ። አባቴ ካርዴን አየና መለሰልኝ።

"ሰባተኛንም ከደገምክ፣" አለ፣ "መኪናው ላይ ትቀመጣለህ።"

አልተቆጣም። አባቴ ጨርቅ ሲቆርጥም አይቆጣም።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው አዲስ መምህርት መጣች። አጭር ናት። ከሰሌዳው ላይኛው ጫፍ ላይ ለመጻፍ ወንበር ላይ ትወጣ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ደብተር አልያዘችም። አሮጌ ቡናማ ኮት ይዛ ገባችና የሰሌዳው ጥግ ላይ ሰቀለችው።

"የማን ነው?" አለች።

"አናውቅም፣ ቲቸር።"

"እንደማታውቁ አውቃለሁ። እሱን ጠይቁት።"

አንቴና የምንለው ረጅሙ ልጅ ከኋላ፣ "ቲቸር፣ ኮት አፍ አለው እንዴ?" አለ። ክፍሉ አውካካ።

"እሱ አፍ አለው። አንተ ጆሮ ካለህ ና ውጣ።"

ወጣ። ኮቱን አገላበጠ፣ አሸተተ። "ናፍታ ይሸታል" አለ።

"ጎሽ። ሌላስ?"

አንዷ ወጥታ የወንድ ነው አለች። ሌላው ሀብታም አይደለም አለ። "በምን አወቅህ?" አለችው። ገበሩ የተጠጋገነ ነው አለ። ያኔ እጄ ተነሳች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ እጄን የማነሳው ሽንት ቤት ለመጠየቅ ብቻ ነበር።

"ግራኝ ነው" አልኩ።

"በምን አወቅህ?"

"የግራ እጅጌው ጫፍ ነው የተበላው። ደግሞ ቁልፉ ቦታውን ቀይሯል። ይኸው የድሮው ክር ቀዳዳ። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰውየው ከስቷል።"

የክሩን ቀዳዳ በጣቷ ነካችው። ስህተት የተናገርኩ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ።

"አባቴ ናቸው" አለች። "ሹፌር ነበሩ። መጨረሻ ላይ ከስተው ነበር። ከዚህ በፊት አይተሃቸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አየህ፣ አሁን ታውቃቸዋለህ።"

ከዚያ ወንበሯ ላይ ወጥታ ሦስት ጥያቄ ጻፈች። ማን ጻፈው? ለማን ብሎ ጻፈው? ሳይጽፍ የተወው ምንድን ነው? ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፉ እዚያው ቆዩ። አራተኛው ግን ከአፏ አይጠፋም፤ እኛም ቲቸር በምን-አወቅህ ብለናታል። ከቤታችሁ የቆየ ወረቀት አምጡ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አለችን። አንቴና የአያቱን መንጃ ፈቃድ አመጣ። ከፊት የምትቀመጠው፣ ማስቲካ የምንላት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ለእናቷ ከእህቷ የተጻፈላትን የሃያ ዓመት ደብዳቤ አመጣች። ደብዳቤው ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወራው። ሦስተኛዋን ጥያቄ ስንጠይቀው ግን ሁለቱ እህትማማቾች ተኳርፈው እንደነበር ደረስንበት። ማስቲካ ማስቲካዋን ዋጠች።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከአሥር ስምንት አገኘሁ። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። አባቴ ደንበኛ ሲለካ አንድ ዓይኑ እሱ ላይ ነበር።

ነገሩ ግን ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ሆነው ሲናገሩ ኳስ ሜዳው ላይ ያለ ልጅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሰሌዳ እያጠፋሁ ሳለ በሩ ላይ ከመምህርቷ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ይሄ የወረቀት ጨዋታ በዛ" አሉ። "ጫጫታው ቢሮዬ ድረስ ይሰማል።"

"ጋሼ፣ የሚጮሁት እየተከራከሩ ነው።"

"እኮ! ተማሪ ምን ያከራክረዋል? ይጻፍ፣ ያጥና፣ ይፈተን። ሐሙስ ገብቼ አያለሁ። ካላሳመንሽኝ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ድሮው ታስጽፊያለሽ። ቢጫው ደብተር ቢሮዬ አለልሽ።"

ቢጫው ደብተር ተመለሰ ማለት እኔ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ ማለት ነው። መምህርቷ ገብታ ስታየኝ ፈገግ አለች። የማትፈራ መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን በእጇ የያዘችው ጠመኔ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ለሐሙስ ማንም ያላመጣውን ነገር ማምጣት አለብኝ አልኩ። የት እንዳለም አውቀዋለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛችን አንድ እግሩ ያጥራል፤ እንዳያጋድል ከሥሩ ያለቀ የልክ ደብተር ተወትፏል። ረቡዕ ከሰዓት አባቴና እናቴ ጓሮ ጨርቅ ሲያሰጡ ደብተሩን መዝዤ በቦታው ጣውላ ከተትኩ። አስፈቅዱ የተባልነውን ያን ቀን ረሳሁት። ረሳሁት ስል፣ እንዳላስታውሰው ተጠንቅቄ ነው።

ሐሙስ ዳይሬክተሩ ገቡ። ተነሳን፣ ተቀመጥን። እሳቸው ከኋላ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ሞከሩ። የእኛ ዴስክ ወንበሩና ጠረጴዛው የተጣበቀ ነው፤ አልገቡበትም። ወደ ጎን ዞረው፣ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ከእኛ ጋር በአንድ አቅጣጫ መቀመጥ ለዳይሬክተር አይመጥንም ብዬ አሰብኩ።

ደብተሩን አወጣሁ። መምህርቷ ገለጠችው፤ ቅጠል ቅጠሉን አየች። "ማን ጻፈው?"

"እናቴ። አባቴ ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች።"

"ለማን ብላ?"

"ለአባቴ። ሲቆርጥ እንዲያየው።"

"ከቁጥሩ አጠገብ ያሉት እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው?"

ከአንዳንዱ ወገብ አጠገብ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ተስላለች። አንዳንዱ ጋ አንድ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት። ብዙው ጋ ምንም።

"እሱ ነው ጥያቄው፣ ቲቸር" አልኩ። መልሱን አውቀው ነበር። ግን ወዲያው ከተናገርኩ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ዳይሬክተሩ ምን ያያሉ?

ክፍሉ ተነሳ። አንቴና፣ "ማታ የሚመጣ ደንበኛ ነው!" አለ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ጨረቃ አለው፤ እሱ ደግሞ ማታ ሥራ ላይ ነው፣ ጠዋት ነው የሚመጣው ብለው አፉን አስያዙት። ሌላዋ፣ "ልብሱ ቶሎ እንዲደርስለት የሚፈልግ ነው" አለች። "በምን አወቅሽ?" ብለን የጮህነው መምህርቷ ሳትሆን እኛ ነን፤ ሠላሳ ስምንታችንም። ልጅቷ ተቀመጠች። ማስቲካ ዴስኳ ላይ በጉልበቷ ቆማ፣ "ስማቸው ሰሌዳ ላይ ይደርደርልና!" አለች። እናቴ ደንበኛን የምትጽፈው በሥራው ነው። መምህርቷ ወንበሯ ላይ ወጥታ በሁለት ረድፍ ጻፈች።

ጨረቃ የሌላቸው፦ ፖስተኛው፣ ዘበኛው፣ የስፖርት መምህሩ፣ ጫማ ሰፊው።

ጨረቃ ያላቸው፦ ዳቦ ጋጋሪው አንድ፣ የባንክ ቤቱ ኃላፊ አንድ፣ ዳኛው ሁለት፣ ወፍጮ ቤቱ ሁለት።

"አባቴ ሁለት!" አለች ማስቲካ፤ ዞራ እያየችን።

ያኔ ተነሳሁ። "የክብር ምልክት ነው" አልኩ። "መኮንን ትከሻው ላይ እንደሚያደርገው። እዩት፣ ጨረቃ ያላቸው በሙሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ደግሞ አባቴ እነሱን ሲለካ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለአንድ ጨረቃ አንዴ፣ ለሁለት ሁለቴ። ለፖስተኛው አይጠርግም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች። ስማቸውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች አልኩ። ክፍሏ ሊተርፍላት ነው፤ ደስታው አሸነፋት።

"ቲቸር፣ አልጨረስኩም" አልኩ። "የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሦስት ጨረቃ ያለው ሰው አለ። ከሁሉም የሚበልጥ። 'ዳይሬክተሩ' ይላል።"

ጠመኔው ወደቀ።

ሠላሳ ስምንት ራስ ወደ ኋላ ዞረ። ዳይሬክተሩ ከዴስኩ ተነሱ፤ ዴስኩም አብሯቸው ትንሽ ተነሳ። ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ቀላ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያከበራቸው ሰው የለም ብዬ አዘንኩላቸው።

"ሦስት ያለው ሌላ ማን አለ?" አሉኝ።

"ማንም የለም፣ ጋሼ። ከዳር እስከ ዳር አይቻለሁ።"

"ዳኛውስ?"

"ሁለት ብቻ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህርቷን አዩአት። እሷ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ነበር። "ይቀጥል" አሉና ወጡ። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ጣራው እስኪነሳ ጮኸ። ከሰኞ ጀምሮ የሚያስጽፈን የለም!

ቤት በሩጫ ነው የደረስኩት። አባቴ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ኮት እያያያዘ ነው፤ እናቴ ካውያ ይዛለች። አንድ ሳልተው ነገርኳቸው፤ ሰሌዳውን፣ ጉሮሮ መጥረጉን፣ ሦስቱን ጨረቃ። እናቴ መሀል ላይ ካውያውን አስቀምጣ ጓሮ ሄደች። አባቴ ስፒሎቹን አንድ አንድ እያለ ከአፉ አወጣ። ከዚያ ፊቱን በያዘው ኮት ሸፈነ። ኮቱ ይርገበገብ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ፤ ከእኔ የተነሳ፣ በኩራት።

"ሰው ሁሉ ሰማ?" አለ ከኮቱ ውስጥ።

"ሁሉም፣ አባባ።"

"እሳቸውስ?"

"በጣም ደስ አላቸው።"

ከጓሮ የእናቴ ድምፅ መጣ። እሷም እያለቀሰች ነው።

ጥቂት ቆይቶ አባቴ ኮቱን አወረደ። ዓይኑ እርጥብ ነው፤ ፊቱ ግን ጨርቅ ሲቆርጥ እንደሚሆነው ሆኖ ነበር። "ይሄ ደብተር የእኔ አይደለም" አለኝ። "ተለክተው የሄዱት ሰዎች ነው። ከእንግዲህ ከዚህ በር አይወጣም።" ስንቱን ትልቅ ሰው በምስጢር እንደሚያከብር እንዲታወቅበት አልፈለገም አልኩ። ትሑት ሰው ነው።

በማግሥቱ ከትምህርት ስመለስ ዳይሬክተሩ መስታወቱ ፊት ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ሊያሰፉ ነው። አባቴ ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

"ትከሻ አምሳ" ይላል፤ ድምፁ ሰልሏል። "እጅጌ ስልሳ አምስት። ደረት መቶ አሥራ ስድስት። ወገብ…" ቁጥሩን ተናገረና ዝም አለ። እናቴ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። አባቴ ጣራውን አየ። ጉሮሮው ወጣ ገባ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም።

ዳይሬክተሩ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። "ጌታው፣" አሉ፣ "ያ ጉንፋንዎ ለቀቀዎት እንዴ?"

"አዎ… አይ… ደህና ነኝ፣ ጋሼ።"

"አይጨነቁ። ቢያስሉም ደግ ነው። ታፍኖ ከሚቀር።"

አባቴ ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻለም። ሦስት ጊዜ አሳለ፣ ተንፈቅፍቆ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር። እናቴ በደብተሯ ፊቷን ጋርዳ ሦስቱንም ጫረች። ዳይሬክተሩም ሳቁ። ሦስቱ ሲስቁ ክፍሏ ጠበበች። እኔም ሳቅሁ፤ ደረጃቸው ባለመውረዱ ደስ ብሎኝ።

ሰባተኛን አለፍኩ። ስምንተኛንም። ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ላይ ያልቃል፤ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ፣ ግን ወድቄ አይደለም። አባቴ ለዓመታት ቁልፍ፣ ጠርዝና ካውያ እንጂ ሌላ አላስነካኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ የመጀመሪያውን ኮት ቁረጥ ብሎ ጠራኝ። የዳቦ ጋጋሪው ነው። ጠመኔውን ሰጠኝ። ደረቱን አሰመርኩ፣ ወገቡን አሰመርኩ።

"ጨረቃዋስ?" አለ።

"ምን አደርጋታለሁ?"

"ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ጣት ጨምር። አለዚያ ኮቱ ሆዱ ላይ ይሸሻል፣ ከፊት አጥሮ ይቀራል። ለአንድ ጨረቃ ሁለት ጣት።"

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ በፊቴ አለፉ፤ ሆዳቸው ቀድሞ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ። ስድስት ጣት።

"ሆድዎ ገፍቷል ብዬ ጮክ ብዬ ልጥራ?" አለ አባቴ። "ሰውየው እኮ መስታወት ፊት ነው የቆመው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መምህርትህ ያን ዕለት ማምሻውን መጥታ ነበር። ልነግረው ነው ስላት፣ 'ተዉት፣ ራሱ ይደርስበታል' አለች። እኔ አንድ ሳምንት መስሎኝ ነበር።" ስፒሉን አፉ ውስጥ ከተተ። "አራት ዓመት ፈጀብህ።"

አባቴ ካለፈ በኋላ ሱቁን ያዝኩ። እኔ እጠራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። አርባ ዓመት አልፎኝ፣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ድምፃቸው ባይሆን አላውቃቸውም ነበር። ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ታመው ከርመዋል። የለበሱት አባቴ የሰፋላቸውን ኮት ነው፤ ቁልፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከአራት ጣት በላይ።

"አዲስ ስፋልኝ" አሉ። "በዚህ ውስጥ ጠፋሁ።"

መስታወቱ ፊት አቆምኳቸው። ለካሁ፤ ጠራሁ፤ ልጄ ጻፈች። ወገባቸው ላይ ስደርስ ቁጥሩን ተናገርኩና ሜትሩን አነሳሁ።

"አሁን ስንት ጨረቃ ነኝ?" አሉ።

"ያውቁ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?"

"ሰሌዳው ላይ ተደርድረን አየሁት እኮ! እኔ፣ ዳኛው፣ ወፍጮው፣ ዳቦ ቤቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ከበን ካርታ የምንጫወት ሰዎች ነን። ካርታው ለምን እንደሚርቀን የማላውቅ መሰለህ?"

ልጄ ሳቋን በደብተሩ አፈነች፤ ልክ እንደ እናቴ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ክፍሉን ልዘጋ ነበር የገባሁት" አሉ። በመስታወቱ ውስጥ ነው የሚያዩኝ። "በዚያ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ክፍል ውስጥ እጅ ተነሥቶ ያየሁት ለሽንት ብቻ ነው። ያን ቀን ሠላሳ ስምንት ልጅ በማስረጃ ስለ ሆዴ ሲከራከር ዴስክ ላይ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ሆዴ ለአንድ ቀን እንኳ ለትምህርት ይጥቀም አልኩ።"

ኮታቸውን መልሼ አለበስኳቸው። ቁልፉን ራሳቸው ቆለፉ። ልጄ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል፣

"ቆይ" አሉ። "ጉሮሮህን አትጠርግም?"

አየኋቸው። ኮታቸው ከትከሻቸው ላይ ልክ መስቀያ ላይ እንዳለ ነው የተንጠለጠለው።

"እህ!" አልኩ። አንዴ። ከዚያ ደገምኩ። ከዚያ ሠለስኩ።

ልጄ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ሆዳቸውን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ከዚያ ጫረች። እሳቸው ቀጥ ብለው ወጡ፤ ደረጃው ላይ ፖስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው።

"አባባ፣ ተሳሳትክ እኮ" አለችኝ። "እሳቸው ምንም ሆድ የላቸውም።"

"በምን አወቅሽ?" አልኳት።

ኮቱን ስቆርጥ አንድም ጣት አልጨመርኩም፤ ልክክ ብሎላቸው ለበሱት። ጨረቃዎቹ ግን ደብተሩ ላይ አሉ። ደብተሩ ሲያልቅ ጠረጴዛው እግር ሥር ወተፍኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ይመዘው ይሆናል። የመጨረሻው ቅጠል ላይ "ዳይሬክተሩ፣ ወገብ ሰባ አራት" የሚል ያገኛል፤ አጠገቡ ሦስት ጨረቃ።

ምን ብሎ እንደሚያነበው እንጃ። እኔ በልጅነቴ ያነበብኩትን ከደገመው ግን አልተሳሳተም።